ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ

አባቴ ጆሮው መደንቆሩን ያወቅሁት መሳሳት ስላቆመ ነው።

አሌክሲናትስ ከተማ ያለው ጋራዣችን የራሱ ደንብ ነበረው። ሞተሩ ወይም ካምቢዮው የተነካ መኪና ሁሉ አውራ ጎዳናው ላይ ሳይሞከር ለባለቤቱ አይመለስም። ሌላ ሰው ይነዳል፣ አባቴ ቪዶዬ ጋቢና ይቀመጣል። ፍጥነቱ መቶ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል። "ሦስት ሺህ፣ ትንሽ ፈቀቅ ያለ።" "ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ገደማ።" ከዚያ "ይሂድ" ካለ መኪናው ይሄዳል፤ ካላለ እንደገና ይፈታል። ይህን ለማየት ብቻ ከኒሽ ከተማ ድረስ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ያ "ገደማ" ጠፋ። "ሦስት ሺህ አርባ" ማለት ጀመረ። "ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና።" ደንበኞች አፋቸውን ይዘው ተደነቁ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ጆሮ አርባ፣ ዘጠና አይልም፤ እንዲህ የሚለው ሂሳብ ነው። ፍጥነቱን ታያለህ፣ ጎማው አንዴ ሲዞር ስንት ሜትር እንደሚሄድ ታውቃለህ፣ የቀረውን በማርሹና ኃይሉን ወደ ጎማው በሚያስተላልፈው በመጨረሻው ጥርስ ታባዛለህ፣ አለቀ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ሆኜ በመስታወቱ ተከታተልኩት። ዓይኑን ከመጨፈኑ በፊት የፍጥነት መለኪያውን ሰረቅ አድርጎ አየ። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

ሂሳቡን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ስሳሳት ጣቴን በመፍቻ ይመታኝ ነበር። "ስታመንካ ሂሳቡንስ ትይዛለች፤ ጆሮዋ ግን ጣውላ ነው" ይላል ለመጣው ሁሉ። እናቴን በቀበርንበት ቀን እንኳ ለለቀስተኛ ብሎታል። ይኸው አርባ ሞላኝ። ሃያ ዘጠኙን ዓመት ያሳለፍኩት መኪና ሥር ተጋድሜ፣ የተቃጠለ ዘይት ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። አንድ ቀን "ጥሩ ሠራሽ" ብሎኝ አያውቅም።

ነገሩ የፈነዳው በመስከረም፣ ሰፈሩ ሁሉ ለክረምት የሚያስቀምጠውን ቀይ ቃሪያ እየጠበሰ በሚልጥበት ሰሞን ነው። አባቴ "ይሂድ" ያለው የአንድ አስተማሪ መኪና አሥር ኪሎ ሜትር ሳይጓዝ የጎማ ኩሽኔታው ተሰባብሮ ቆመ። በማግስቱ ምሳ ላይ፣ ጋራዡ ውስጥ አብሮን የሚውለው ባሌ ግራዲሚር ሹካውን አስቀመጠ። የአባቴ ጓደኛ ቲሆሚርም ማዕዱ ላይ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው።

"አባባ፣ አይቆጡኝና ጆሮዎ ደክሟል። ያ ኩሽኔታ እንደ ላም እያገሳ እርስዎ አሰናበቱት።"

አባቴ የባሌን አፍ ትኩር ብሎ እያየ ቆየ። "ጆሮዬ? ሞተርና የቡና ወፍጮ የማይለይ ሰው ስለ ጆሮ ያወራልኛል?"

ቲሆሚር የሚጠጣው አረቄ፣ ራኪያው፣ ትን አለው።

"አንተ ሳቅ!" አለው አባቴ። "ዳኛው አንተ ነህ። እሑድ፣ በራሴ መኪና። በሁለት መቶ ዙር ከሳትኩ የጋራዡን ቁልፍ እጥላለሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ቃሪያ እልጣለሁ፤ የጋራዡን ደጅም አልረግጥም።"

"ካልሳቱስ?" አለ ግራዲሚር።

"አንተ ትልጣለህ።"

ቤት እንደገባን ግራዲሚር እጁን እያፋተገ ዕቅዱን ነገረኝ። "ዳገቱ ላይ እወስዳቸዋለሁ። ዳገት ላይ ዙሩ ይጨምር የለ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ስንት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ኖርክ? ማርሹ ያው፣ ፍጥነቱ ያው ከሆነ ዳገትም ሆነ ቁልቁለት ዙሩ ያው ነው። የሚጨምረው የምትረግጠው ነዳጅ ነው። ነፋስ ቢገፋህም፣ ጆንያ ብትጭንም እንደዚያው።"

"እሺ፣ ጎማውን በትንሽ እንቀይረው።"

"ጎማውን ያየዋል። የደነቆረው ጆሮው ነው፣ ዓይኑ ምን ሆነ?"

ያን ጊዜ ዝም ብዬ ብቀር ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። "የመጨረሻውን ጥርስ እቀይረዋለሁ" አልኩት። የአባቴ መኪና ካምቢዮ ያው ፋብሪካ ለሚሠራት ትንሽ የጭነት መኪናም ይገጠማል፤ ልዩነቱ የጭነቷ መኪና ጭነት እንድትጎትት ጥርሷ ሌላ መሆኑ ነው። በእኩል ፍጥነት ሞተሩን በሲሶ ያህል አብልጦ ያዞረዋል። የፍጥነት መለኪያው ከዚያ ጥርስ በኋላ፣ ከጎማው በኩል ስለሚያነብ አይዛባም። የሚሰማ ሰው ወዲያው ይነቃል፤ የሚያሰላ ሰው ገደል ይገባል።

"በቃ ቁልፉ የኛ ሆነ" አለ ግራዲሚር።

"የኔ" አልኩት። ሳቀ።

ቅዳሜ አባቴ እህቱ ቤት የቤተሰቡን ጠባቂ ቅዱስ ቀን አክብሮ እዚያው ሊያድር፣ መኪናውን ለውርርዱ ጋራዥ ትቶ ወደ ገጠር ሄደ። ግራዲሚር አውቶቡስ አሳፍሮት እንደተመለሰ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ካምቢዮውን አወረድኩ። ከጋራዡ አሮጌ ዕቃ መሀል ያወጣሁትን የጭነቷን መኪና ጥርስ ለክቼ ገጠምኩ፣ አልወደድኩትም፣ ፈትቼ እንደገና ለካሁ። ሦስት ጊዜ። ለማታለል የሚገጠም ዕቃ ይህን ያህል ልፋት አያሻውም ነበር፤ እጄ ግን ሌላ አሠራር አያውቅም።

እሑድ ረፋድ ላይ ወጣን። ግራዲሚር ይነዳል፣ አባቴ ጋቢና፣ እኔና ቲሆሚር ከኋላ። ከሞተሩ በሽቦ የሳብነው የዙር መቁጠሪያ ቲሆሚር ጭን ላይ ነው። እስከ መግቢያው ድረስ ግራዲሚር እንዳዘዝኩት ቀስ እያለ፣ ማርሽ ቶሎ ቶሎ እየቀየረ ሄደ። አውራ ጎዳናው ላይ ግን አምስተኛ አስገብቶ ረገጠው።

ሰማንያ ላይ ሞተሩ ማልቀስ ጀመረ። መቶ ላይ ጮኸ። ወንበሩ ሥር፣ መስኮቱ ላይ፣ ጥርሳችን ውስጥ ይጮሃል። ቲሆሚር ቀና ብሎ አየኝ። ስድስተኛ ማርሽ ያለ ይመስል የግራዲሚር እጅ ሳያስበው ወደ ማርሹ ሄዶ ተመለሰ።

አባቴ የፍጥነት መለኪያውን ሰረቅ አድርጎ አየ። ዓይኑን ጨፈነ። እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ፀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ" አለ። ፈገግ ብሎም "ይሂድ" አለ።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ሆዴ ድረስ ደስ አለኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጣውላ ስባል የኖርኩት እኔ እየሰማሁ እሱ አልሰማም። ከዚያ የጨፈነውን ዓይኑንና ያን ፈገግታ እያየሁ ስቆይ ደስታዬ አስጠላኝ።

ግራዲሚር ሳቁን መያዝ አቃተው። አባቴ ዓይኑን ገልጦ የሚስቅ አፍ አየ፤ ዞሮ ቲሆሚርን አየ። ቲሆሚር አንገቱን ደፍቶ መቁጠሪያውን አሳየው። አራት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ።

አባቴ መዳፉን የማርሹ ዘንግ ላይ አሳረፈ። አንድ ድልድይ አለፍን፣ ሁለተኛም አለፍን፤ እጁን አላነሳም። ቀድሞ ቢነካው ኖሮ በእጁ ይሰማው ነበር፤ ሂሳቡን ተማምኖ አልነካውም።

"የጭነቷ ጥርስ ነው" አለ። "ይሄን አንተ አልገጠምከውም፣ ግራዲሚር። አንተ ብትገጥመው ኖሮ እጄን ያንቀጠቅጠው ነበር።" እጁን ከዘንጉ ሳያነሳ ቀጠለ። "አንድም ጥርስ አይፈጭም። አርባ ዓመት ስሠራ ከዚህ የተሻለ አልገጠምኩም። ስታመንካ፣ ጥሩ ሠርተሻል።"

ፊቱን አላዞረም። እኔ ከኋላው "አባባ" አልኩት። "አባባ፣ እኔ…" ማጅራቱ አልተነቃነቀም። ቲሆሚር ክንዴን ይዞ "ተይ፣ አይሰማሽም" አለኝ።

አባቴ የጋራዡን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። እጄ ሳላዘው ተዘረጋ፤ በሁለቱ ወንበሮች መሀል መዳፌን ሳያየው አልቀረም። ቁልፉን ግን የግራዲሚር ጭን ላይ አስቀመጠው።

"ያዝ። ምን እንደምታደርግበት አታውቅም። ግን ጆሮዬ መደንቆሩን አንተ በፊቴ ነገርከኝ።"

ግራዲሚር ባለ ቁልፍ ሆኖ መጀመሪያ የሰጠው ትዕዛዝ "ነገ ያንን ጥርስ ፍቺና የሽማግሌውን መኪና እንደነበረ መልሽ" የሚል ነው። አሁን ጋቢና የሚቀመጠው እሱ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ያፈተተውን ቁጥር ይናገራል፤ ሰዉም ይደነቃል።

ጥርሱን ፈትቼ የድሮውን መለስኩ። ለካሁ፣ ፈታሁ፣ ለካሁ። አንዴም ልክ አልመጣልኝም።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴን እህቱ ጋ ላደርሰው በመኪናው ወሰድኩት። ቃሪያ ሲልጥ ሰንብቶ ጣቱ ቀልቷል። መቶ ላይ ስደርስ ከሥር አንዲት ቀጭን ፉጨት ተነሳች፤ ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ የሚያወጣት። ደንበኛም ቢሆን የሚሰማት ናት።

አባቴ መዳፉን የማርሹ ዘንግ ላይ አደረገ። ብዙ አላቆየውም። አነሳና መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገው።

አፌን እንዲያይ ፊቴን አዞርኩለት። "ስንት ነው፣ አባባ?"

"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?" አለ። "ጆሮ ያለሽ አንቺ ነሽ፤ ስሚው።"

እህቱ ቤት እስክንደርስ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይቀረን ነበር።