ማንም ያልሞተበት ድንኳን

1.

እና ማነው የሞተው?

2.

ከላይ ያለውን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። የጠየቅኩት ልጄን ማኅደርን ነው። ቦታው ዌልስ ውስጥ፣ ከባሕሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ ሣር ሜዳ ነው። ሰዎች ከነልጆቻቸው እየመጡ ድንኳን ተክለው ያርፉበታል። ከአውቶቡስ ወርደን፣ ሻንጣ እየጎተትን ገና በሩ ላይ መድረሳችን ነበር።

የማታ ትምህርት የምታስተምረን መምህርት ፀዳለ እንዲህ ብላናለች፦ “ረጅም ነገር መጻፍ ካስፈራችሁ ቁጥር እየሰጣችሁ ትንሽ ትንሽ ጻፉ። ሲደክማችሁ ቁጥር ቀይሩ።”

ደከመኝ።

3.

በሩ ላይ ቆሜ ያየሁት፦

ድንኳን፣ ድንኳን፣ ድንኳን።

ደጃፍ ላይ ወንበር ደርድረው የተቀመጡ ሰዎች። ሲያወሩ እንኳ በሹክሹክታ ነው።

ዓይኗን በመሐረብ የምትጠርግ ሴት። (ማኅደር በኋላ “ነፋሱ ነው” አለችኝ።)

አንድ ሽማግሌ፣ ብቻቸውን፣ አንገታቸውን ደፍተው። አጠገባቸው ባዶ ወንበር።

እስቲ ፍረዱኝ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ድንኳን የሚተከለው ለሁለት ነገር ነው። ለሰርግ ከሆነ ከሩቅ ዘፈን ይሰማል። እኔ ደግሞ ጆሮዬን አቁሜ የሰማሁት፦

ጸጥታ።

4.

ማኅደር፦ እማ፣ ማንም አልሞተም። ለእረፍት መጥተው ነው።

እኔ፦ ቤት የላቸውም?

ማኅደር፦ አላቸው።

እኔ፦ ታዲያ ምን ሆነው ነው ሣር ላይ የሚተኙት?

ማኅደር፦ ደስ ስለሚላቸው።

እኔ፦ ይሄ ደስ ያለው ሰው ፊት ነው?

ማኅደር፦ አዎ። እዚህ እንደዚህ ነው። ደግሞ ጣትሽን አትቀስሪ።

5.

ለምን እንደመጣን መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ ቀሪው አይገባችሁም።

ማኅደር አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ስኮትላንድ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። እኛ የምንኖረው ካርዲፍ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ባቡሩ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። እኔ እሺም እምቢም አላልኩም። ነገሩ በተነሳ ቁጥር ወጥ ላማስል ወደ ኩሽና እገባ ነበር።

“እማ፣ ወጡ እኮ ተማስሎ ተማስሎ አለቀ” አለችኝ አንድ ቀን። ቀጥላም ውል አቀረበች። ካምፕ እንሄዳለን። እሷ በራሷ ድንኳን ትተኛለች፣ እኔም በራሴ። ሳልጠራት፣ የድንኳኗን ዚፕ ሳልከፍት ሁለት ሌሊት ማደር ከቻልኩ፣ ስኮትላንድ ትሄዳለች። ካልቻልኩ እዚያው ካርዲፍ ትማራለች።

ወዲያው እሺ አልኩ። ማኅደር ገርሟት አየችኝ።

እንደምሸነፍ አውቄ እኮ ነው እሺ ያልኩት።

6. ድንኳን ለመትከል

ጨርቁን ዘርጊ። ነፋሱ ይወስደዋል። ሮጠሽ ያዢው። መልሰሽ ዘርጊ።

ችካሉን በድንጋይ ምቺ። ልጅሽ “መዶሻ አለ እኮ” ትልሻለች። በድንጋይ ምቺ።

የሷን ድንኳን ካንቺ ድንኳን አስጠግተሽ ትከዪ። ልጅሽ ነቅላ ራቅ ታደርገዋለች። የራስሽን ንቀዪና ተከተያት። እንደገና ራቅ ትላለች። እንደገና ተከተያት።

አጥሩ ጋ ስትደርሱ አቁሙ። ከአጥሩ ወዲያ በጎች ናቸው።

7.

የመጀመሪያውን ሌሊት አደርኩት። አልጠራሁም። ዚፕም አልከፈትኩም።*

* ሳልኩ። ሳል ውሉ ውስጥ አልነበረም። ልጄም ከድንኳኗ ሆና “ደህና ነኝ፣ እማ” ትል ነበር። እስክትመልስልኝ እስል ነበር።

8.

በማግሥቱ ማኅደር ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ባሕሩ ወረደች። ባሕሩን ላለማየት ፊቴን አዞርኩ። ሽማግሌው ዛሬም ብቻቸውን አንገታቸውን ደፍተዋል። ወንበሩም ዛሬም ባዶ ነው።

ማኅደር ማንም አልሞተም ብላለች። ልጅ ምን ታውቃለች?

ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ከቤት የያዝኩት የተዘፈዘፈ ስንዴ ነበረኝ። ሜዳው በር ላይ ካለው ሱቅ ደግሞ የታሸገ ሽምብራ አገኘሁ። በትንሿ የጋዝ ምድጃ ንፍሮ ቀቀልኩ። ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። ሄድኩ።

ድንኳን አይንኳኳም። “ቤቶች” አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ሳህኑን ሰጠኋቸውና ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም፤ የማን እንደሆነ ገብቶኛል። እሳቸውም ምንም አልጠየቁኝም። አንድ ሽምብራ አነሱ። አኘኩ። ሌላ ደገሙ። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ጸጥታ።

እንደሳቸው አብሮ ዝም ማለት የሚያውቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

9.

ከዚያ ሟቿ መጡ።

ፎጣ ጠምጥመው፣ የጥርስ ብሩሽ ይዘው።

10.

(ማኅደር ጸጉሯ ውኃ እያንጠባጠበ እየሮጠች ደረሰች። ከዚህ በታች ያለውን ያስተረጎመችው እሷ ናት። ሽማግሌው ኤምሪስ፣ ሚስታቸው ግዌን ይባላሉ።)

ግዌን፦ ይህ ምንድን ነው? ይጥማል።

ማኅደር፦ እማ፣ ምን ልበላቸው?

እኔ፦ እውነቱን ንገሪያቸው።

ማኅደር፦ እውነቱ ሴትዮዋ ገላቸውን ሊታጠቡ ሄደው አንቺ ቀበርሻቸው ነው።

እኔ፦ አባወራው አንገታቸውን ደፍተው ነበራ።

ማኅደር፦ ጋዜጣ ላይ ያለውን እንቆቅልሽ እየሞሉ ነው። ይኸውልሽ እርሳሱ።

(ነገረቻቸው። ኤምሪስ ወንበራቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።)

ኤምሪስ፦ አርባ ዓመት ሙሉ ቶሎ ታጥበሽ ውጪ ስላት፣ ብትዘገይ የሚጠብቃትን አሁን አየችው።

ግዌን፦ የኔን ለቅሶ ንፍሮ የሚበላው እሱ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ። ሳህኑን ወዲህ በል።

(በሉ። ከዚያ ግዌን ሳቃቸውን ትተው እኔን እያዩ አንድ ነገር ጠየቁ። ማኅደር አላስተረጎመችም።)

እኔ፦ ምን አሉ?

ማኅደር፦ ምንም።

እኔ፦ ማኅደር።

ማኅደር፦ “እዚህ ማንም ካልሞተ ለማን ነው የቀቀለችው?” አሉ።

(እኔ ሣር ነጨሁ።)

ማኅደር፦ እማ። እኔ እኮ ትምህርት ቤት ነው የምሄደው።

11.

እስካሁን ሁለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። አንዱ የሰርጌ ነው። ሌላው የአባቷ ነው፤ ያኔ ማኅደር አራት ዓመቷ ነበር፣ ንፍሮ በጭብጧ እንደያዘች ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን።

ሌላ ዓይነት ድንኳን እንዳለ ማን ነገረኝ?

12.

በሁለተኛው ሌሊት አንዴ “ማኅደር” ብል ይበቃ ነበር። ካርዲፍ ትቀር ነበር።

አልጠራሁም። አልሳልኩም።

ጠዋት ገና ሳልነሳ ከደጄ ድምፅ ሰማሁ።

“ቤቶች።”

ዚፑን ከፈትኩ። ማኅደር በባዶ እግሯ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ቆማለች።

“ምነው አልሳልሽም?” አለች። “አስፈራሽኝ እኮ።”

“‘ቤቶች’ ያልሽው ያንቺ ሳል መሆኑ ነው?”

“አልሳልኩም። ዝም ብዬ ላይሽ ነው የመጣሁት።”

ገባች። እግሯ በረዶ ነበር።

13.

በእኛ ወግ የለቅሶ ድንኳን በሦስተኛው ቀን ይነሳል። ሰው ሁሉ ወደየሥራው ይመለሳል። እኛም በሦስተኛው ቀን ችካላችንን ነቀልን።

ኤምሪስ ሳህኑን መለሱልኝ። ባዶውን አልመለሱትም፤ ዘቢብ ያለበት ትኩስ ቂጣ ሞልተውበታል። ይህን ማን እንዳስተማራቸው አልጠየቅኩም። ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ እኔንም ማንም አላስተማረኝም።

ከዚያ ጨርቁን ማጠፍ ነበር። እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ነፋሱ መሐል ላይ ይነፋዋል። ወጥረን ያዝነው። ጨርቅ ሲታጠፍ አንደኛዋ ወደ ሌላዋ ትመጣለች፣ ጫፏን ታቀብላለች፣ የታጠፈውን ይዛ ትመለሳለች። ማኅደር መጣች። ጫፏን ሳታቀብለኝ ፊቴ ቆመች።

“እማ” አለች። “ልሂድ?”

ዞር አልኩ። ሣር ነው። ባሕር ነው። በግ ነው።

የሚማሰል ወጥ የለም።

14.

እኔ፦ ሂጂ። ደውዬ ስስል ግን መልሺልኝ።