ከአስራ አምስተኛው ደቂቃ በኋላ

ካሴቱ አልቆ የማጫወቻው ቁልፍ ቋ ሲል እስጢፋኖስ ከኩሽና ተመለሰ። ድምፁን እንዲቀዳ ከማጫወቻው ጋር በገመድ የተያያዘው ላፕቶፕ ስክሪኑ ጠቁሯል። ነካ ሲያደርገው በራ፤ ቀረጻው ግን አስራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ቆሟል። ካሴቱ ሰላሳ ደቂቃ ነው።

መናደድ ነበረበት። ቀለል አለው፤ ቀለል ስላለውም አፈረ።

ካሴቱን እናቱ በ1979 ዓ.ም. ከአገር ቤት በሰው እጅ የላኩለት በደብዳቤ ፈንታ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰላምታና የሰፈር ወሬ ነው። ከዚያ በኋላ አባቱ በጠና መታመማቸውን ይነግሩታል፤ ለታናሽ እህቱ ለካሳነሽ እንዲነግራትም ያዙታል። ካሳነሽም ያኔ እዚሁ አሜሪካ ነበረች፤ የነርስነት ፈተና ደርሶባት ነበር። ፈተናዋን ትጨርስ ብሎ ደበቃት። አባታቸው በሦስተኛው ሳምንት አረፉ። ወዳጅ ዘመድ ይዞ በማለዳ ሊያረዳት ሲሄድ «ድንገት ነው» አላት፤ እስከ ዛሬም የምታውቀው ይህንኑ ነው። አሁን የእናቷን ድምፅ ልትሰማ ቅዳሜ ከሳንሆዜ ትመጣለች።

ዳውንታውን ኦክላንድ ለምትሠራው ልጁ ለሩቲ ደወለ። ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫነችለት እሷ ናት።

«አባዬ፣ ቻርጀሩ ተሰክቷል?»

«ነቅዬዋለሁ። ሲሰካ ቀረጻው ውስጥ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ይገባል።»

«ለዚያ ነዋ። በባትሪ ሲሆን ፓወር ሴቭ ለማድረግ ብሎ ይተኛል። ሴቲንግስ ውስጥ ፓወር የሚለውን ክፈት። አውቶማቲክ ሰስፔንድ የሚል አለ?»

«አለ። በባትሪ አስራ አምስት ደቂቃ ይላል።»

«እሱን ኦፍ ካደረግከው አይተኛም። ግን ካሴቱ ድጋሚ ይችላል?»

«እንጃ። ቡናማ ዱቄት እያራገፈ ነው። አንድ ጊዜ ቢችል ነው።»

«ታዲያ ለምን ሪስክ ታደርጋለህ? ያለውን ስጣት። ኮምፒውተሩ ተኛብኝ በላት፤ አንቲ ካሳነሽ ትረዳለች።»

«ትረዳለች» አለ እስጢፋኖስ። ልጁ ምንም አታውቅም። እሱ ሲመኘው የቆየውን ሰበብ ግን አዘጋጅታ ሰጠችው።

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሴቲንግሱ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆየ። በመጨረሻ ሰስፔንዱን አጠፋው። ካሴቱን አውጥቶ፣ በማሽኑ መመለሱን ፈርቶ፣ በእርሳስ እስከ መሃሉ ድረስ ቀስ አድርጎ አጠነጠነው። ቀረጻውን አስጀምሮ ካሴቱን ከፈተ። በዚህ ጊዜ ወደ ኩሽና አልሄደም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

የእናቱ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ መጣ። የአባቱን ሕመም ተናገሩ፤ ሐኪሞቹ ያሉትን ተናገሩ። ከዚያ «ለካሳነሽ ዛሬውኑ ንገራት» አሉ። «እንድትደውልለት። ሌሊት ሌሊት ስሟን እየጠራ ነው።»

ቀረጻው አልቆመም። እስጢፋኖስ ቅዳሜን አልጠበቀም፤ ስልኩን አንስቶ ሳንሆዜ ለካሳነሽ ደወለ።