እርጥብ ዋንዛ

ሊቀመንበር ከፋለ በሠልስቱ አንድ ታጣቂ አስከትሎ ዳሱ ውስጥ ገባ። “እግዜር ያጽናችሁ” ብሎ ቁጭ አለና “ሙት ወቃሽ አያድርገኝና” ሲል ጀመረ። የእርዳታ ስንዴ ተከዜን የምታሻግረው ጀልባ የሰጠመችው ሟቹ አናጢ ፈንታው እያወቀ የማይረባ እንጨት ስለገጠመባት ነው አለ። ነገሩ አሻጥር ነው፤ ለአሻጥረኛ ቤት ደግሞ ራሽን የለም።

በሰባ ሰባት ከራሽን መዝገብ መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ለገነተ ማርያም ሰው አይነገረውም። የሟቹ ሚስት ይማርሽ ሁለቱን ልጆቿን ወደ ጉያዋ ሳበች። የሟቹ ታናሽ ወንድም ደርበው አንገቱን አቀረቀረ።

በእንጨት ነገር ፈንታውን የሚከራከር አልነበረም። በግንቦት የጀልባዋ ጎን ሲበሰብስ ሰው ሁሉ ወይራ ይሁን አለ። እሱ ግን ወይራ ይከብዳል፣ ምስማርም ይሰነጥቀዋል፤ ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ የሚያዋጣው የደረቀ ዋንዛ ነው ብሎ፣ ሁለት ዓመት ቆጥ ላይ የከረመ ሳንቃ እንዲያመጣ ደርበውን ኩልመስክ ላከው። ደርበው ዳገቱን ሲያይ የተራበ ጉልበቱ ከዳው። ግማሽ መንገድ ላይ ካለችው አክስቱ ቤት በቅርብ የተሰነጠቀ ዋንዛ አገኘና፣ ጭስ አጠጥቶ የከረመ አስመስሎ ይዞ ተመለሰ።

ፈንታው ሳንቃውን አንሥቶ “ከበደኝ” አለ።

“ርቦህ ነው ወንድምዓለም። ዛሬ ምን የማይከብድህ አለ?”

ፈንታው ሳቀ፤ ወንድሙን አመነ። እርጥቡ ሳንቃ ጀልባዋ ላይ ከተገጠመ በኋላ ወንዝ ዳር ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ተኮማተረ። ከላይ የተቀባው ሬንጅ ስለሸፈነው መላቀቁን ማንም አላየም። በሐምሌ በመጀመሪያው መሻገር ላይ ውኃው ሲገባ ሌሎቹ ዋኝተው ወጡ፤ ፈንታው ግን ቀዳዳውን ሊደፍን ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሬሳው እንኳ አልተገኘም።

ደርበው በአሻጥር ተይዞ የተመለሰ ሰው አያውቅም። ፈርቷል፤ ሦስት ቀን ሙሉ አፉን የዘጋውም ይኸው ፍርሃት ነው። ከፋለ ወረቀቱን ዘርግቶ የፈንታውን ስም መጻፍ ሲጀምር ግን ደርበው ተነሣ።

“የኔን ስም ይጻፉ ጓድ ሊቀመንበር። እንጨቱ እርጥብ ነበር። ደረቅ ነው ብዬ ያታለልኩት እኔ ነኝ።”

ሁለት እጁን ለገመድ ዘረጋ። ይማርሽ ከመደቡ ተነሥታ ስትመጣ ሰው ሁሉ ፊቱን ልትቧጭረው መሰለው። እሷ ግን ፊቱን አላየችውም። ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ንፍሮ ዘግና በተዘረጋው መዳፉ ላይ አደረገችለት።

“ብላ” አለችው፤ “መንገዱ ሩቅ ነው።”

ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ በንፍሮው ላይ አጠፈችለት።