ሳይሞት የተለቀሰለት ዓሣ አጥማጅ

ኦፓል ሄንሪክሰን ጫማዋን ለወጠች። የኦርጋኑን የእግር መርገጫ በመንገድ ጫማ መንካት በዚያ ቤት ነውር ነው። ፊልም ገና ድምፅ ባልነበረው በዚያ ዘመን፣ ኦሃዮ ውስጥ ባለችው ትንሽ ከተማ ሲኒማ ቤት፣ የቀኑን ትርኢት በኦርጋን ስታጅብ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የማታው ተጫዋች ሚስተር ክራውስ ነበር፤ አሁን ጣቶቹ አብጠው አልታጠፍ ብለውታል። ሥራ አስኪያጁም ቁርጡን ነግሯታል።

"ዛሬ ማታ ሕዝቡን ካስለቀስሽ ወንበሩ ያንቺ ነው። ካልሆነ ከሌላ ከተማ ሰው አስመጣለሁ።"

ፊልሙን ከሰኞ ጀምሮ ስታጅበው ስለሰነበተች በቃሏ ታውቀዋለች። በዚህም ልቧ ሞልቶ ነበር።

መብራቱ ጠፋ። ክራውስ ከጎኗ፣ ከኦርጋኑ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀመጠ። ሸራው ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ቁርሱን እየበላ ሚስቱን ያስቃል። ኦፓል በግራ እጇ ከባዱን ድምፅ ከታች አስገባች። ሰውየው ዳቦ ሲቆርስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት መሐረብ አወጣች።

ክራውስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "ሞተ እንዴ?"

"ማን?"

"ሰውየው ነዋ።"

"ኧረ ገና ነው። ማዕበሉ የሚመጣው ኋላ ነው።"

"ታዲያ ምነው ቀበርሽው? እንቁላሉን እንኳ አልጨረሰም።"

ፊቷ ጋለ። ሰኞ ዕለት፣ መጨረሻውን ሳታውቅ፣ ለዚሁ ቁርስ የተጫወተችው የጭፈራ ዜማ ነበር። አሁን ግን የምታውቀው ሁሉ ወደ ጣቶቿ ወርዷል።

"ምን ላድርግ ሚስተር ክራውስ?"

"ሚስቱን እያት። እሷ እስክታውቅ አንቺም አታውቂም።"

ኦፓል ወደ ጭፈራው ዜማ ተመለሰች፤ ዓይኗንም ከሚስቲቱ አልነቀለችም። ሴትዮዋ ልብስ ስታሰጣ ፉጨት የመሰለውን ቀጭን ድምፅ አወጣችላት። የሦስተኛው ረድፍ መሐረብ ወደ ቦርሳው ገባ።

በመጨረሻ ጀልባዋ ተገለበጠች። ሚስቲቱ ግን ቤቷ ሆና ለሁለት ሰው ሳህን ታቀርባለች። ኦፓልም ያንኑ የቁርሱን ጭፈራ፣ ምንም ሳትቀንስ፣ ተጫወተችላት።

"ተይው የኔ ልጅ፣ አይመጣም" አለች ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ ለሸራው። ያን ጊዜ አዳራሹ አለቀሰ።

ክራውስ ተነሥቶ ወጣ። አዳራሹ በር ላይ ሥራ አስኪያጁ የሚያለቅሱትን እያየ ቆሟል።

"ሰው ማስመጣቱን ተወው" አለው ክራውስ፣ ኮቱን ሊያመጣ እያለፈ።

ኦፓል ይህን አልሰማችም። ሸራው ላይ ሚስቲቱ ለመርዶ ነጋሪው ገና በሩን አልከፈተችም ነበር።