የአቶ ውባየሁ ዋስ

አጣሪ ቡድኑ ሱዳን ካለው የስደተኞች ካምፓችን፣ ቱነይድባ፣ የደረሰው በኅዳር ወር፣ ራሽን በሚታደልበት ቀን ነበር። አራት ሰዎች ናቸው፤ ከአገር ቤት ድንበር ተሻግረው በአንድ ነጭ መኪና መጡ። በጦርነቱ ጊዜ ሰው የጠፋበት ሁሉ እየቀረበ ቃሉን እንዲሰጥ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። እኔንም አስተርጓሚ አድርገው ወሰዱኝ፤ እንዳለው እባላለሁ። አማርኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ትግርኛውን አባቴ ሰሊጥ አጨዳ ይውሉ በነበረበት በቆላው አገር፣ ዐረብኛውን ደግሞ እዚህ ለመድሁት።

ዋናው ሥራዬ ግን ይህ አይደለም። በካምፑ ገበያ ውስጥ በሁለት የሶላር ሰሌዳ የሰው ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ። ሰው ስልኩን ይሰጠኛል፣ እኔ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን እሰጠዋለሁ። ብዙ መነጋገር ስለሌለው ሥራውን እወደዋለሁ።

ቡድኑ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ባለው የሣር ዳስ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀመጠ። መሪያቸው አቶ ውባየሁ ይባላሉ፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ረጋ ያሉ የሕግ ሰው ናቸው። ሁለት ሰዎች ቀርበው ተናገሩ፤ እኔ ተረጎምሁ፣ እሳቸው ጻፉ። ሦስተኛዋ ኣደይ ኣስካለ ነበሩ፤ ኣደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። አማርኛ አጥርተው ስለሚናገሩ ለእሳቸው አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ወደ ዳር ፈቀቅ ብዬ ቆምሁ።

ኣደይ ኣስካለ ከራሽኑ ሰልፍ አጠገብ ሻይ የሚሸጡ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ሓፍቶም የጤና ጣቢያ ዘበኛ ነበሩ። ጦርነቱ በጀመረ ሰሞን የታጠቁ ሰዎች ከጤና ጣቢያው በር ላይ ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሱ እርግጡን የተናገረ የለም። ኣደይ ኣስካለ በሐምዳይት በኩል ድንበር ተሻግረው እዚህ ከመጡ ጀምሮ ሚስትም አይባሉ፣ መበለትም አይባሉ። ሞቷል ብለው ፍትሐት አላስፈቱም፤ አለ ብለውም እፎይ አላሉም።

አቶ ውባየሁ የባለቤታቸውን ስም ጠየቋቸው።

«መጀመሪያ ዋስ ይጥሩልኝ» አሉ ኣደይ ኣስካለ።

«የምን ዋስ?»

«ይኸን ነገር ለሦስት ቡድን ተናግሬያለሁ። ሦስቱም ጻፉ፤ ሦስቱም በመኪናቸው ሄዱ። እርስዎ አራተኛ ነዎት። መልስ ይዤ እመጣለሁ የሚል ሰው፣ ቢቀር የምይዘውን ሰው ይጥራ።»

በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ቃሉን ብቻ ሰጥቶ አይሄድም። ቃሉን የሚሸከምለት ሌላ ሰው በስም ይጠራል። የተጠራው «ነኝ» ካለ፣ ባለቃሉ በጠፋ ጊዜ የሚያዘው እሱ ነው። አቶ ውባየሁም የጎንደር ሰው ናቸውና ይህን ያውቁታል። የመንግሥት ሰው ለመንግሥት ሥራ ዋስ ሲጠራ ግን ያዩ አልመሰለኝም።

መታወቂያቸውን አወጡ፤ ኣደይ ኣስካለ አላዩትም። በደብዳቤው ላይ ያለውን ማኅተም አሳዩ። ኣደይ ኣስካለ ማኅተም ቢጠፋ ምኑን እንደሚይዙት ጠየቁ፤ ከሰልፉ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። አቶ ውባየሁ ወደ ባልደረባቸው ሲያመለክቱ፣ ኣደይ ኣስካለ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ተመልክተው፣ እሱም በዚያችው መኪና እንደሚሄድ ተናገሩ። ዋስ ማለት እዚሁ የሚያድር፣ ሲፈለግ የሚገኝ ነው።

የካምፑ ሙዲር፣ ማለትም ኃላፊው፣ ሙዳሲር በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ሱዳናዊ ስለሆነ ነገሩን በዐረብኛ ነገርሁት። ለራሱ መንግሥት እንኳ ዋስ ሆኖ እንደማያውቅ፣ ለጎረቤት መንግሥትማ ጭራሽ እንደማይሞክረው መለሰ። ይህን ስተረጉም ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

አቶ ውባየሁ አልሳቁም። ዙሪያቸውን ቃኙና ዐይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ።

አባቴ አንድ ጊዜ ለጎረቤታችን ዋስ ሆነው ነበር። ሰውየው ሲጠፋ በእሱ ፋንታ ዐሥራ አንድ ቀን ፖሊስ ጣቢያ አደሩ። የተፈቱ ዕለት እኔንና ወንድሞቼን ሰብስበው፣ ሰውን አብሉ፣ አጠጡ፣ ዋስ ግን አትሁኑ ብለው መከሩን። ይህ ምክር ትዝ አለኝ። ነገር ግን ኣደይ ኣስካለ ሊነሡ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር። ከተነሡ ሓፍቶም ለአራተኛ ጊዜ መጥፋታቸው ነው።

«እንዳለው ዋሴ ነው» አሉ አቶ ውባየሁ። «እኔ ውባየሁ፣ የኣስካለን ነገር እስከ ፋሲካ መልስ ይዤ እመጣለሁ። ብቀር እሱን ይያዙ።»

«ነህ?» አሉኝ ኣደይ ኣስካለ።

«ነኝ» አልሁ። አልሰሙኝም መሰለኝ፣ ደገምሁት።

ከዚያ በኋላ ኣደይ ኣስካለ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። አቶ ውባየሁ ከቀደሙት ሁለት ሰዎች ይልቅ ቀስ ብለው ሲጽፉ አየሁ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ስሜ ተለወጠ። ካምፑ ሁሉ «ዋሱ» ይለኝ ጀመር። ስልኩን ሊያስሞላ የሚመጣ ሁሉ ሳይቀልድ አይሄድም። «ዋሱ፣ መንግሥትህ ደኅና አደረ?» ይሉኛል። ውኃ ቀጂዎቹ ልጃገረዶች ሳይቀሩ እኔን ሲያዩ በክርን ይነካካሉ። እኔም በሰልፉ በኩል ማለፍ ትቼ በጀርባ መንገድ እመላለስ ነበር።

ኣደይ ኣስካለ ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልካቸውን ለቻርጅ ይዘው ይመጣሉ። ሳየው ሙሉ ነው። ሙሉ መሆኑን ስነግራቸው ትንሽ ይጨመርበት ይሉና አጠገቤ ይቀመጣሉ። ለእኔ ከቀልዱ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። አንድ ቅዳሜ ብቻ፣ በድሮ ዘመን ቢሆን የነጠላቸውን ጫፍ ከሸሚዜ ጋር ቋጥረው እንደ ቁራኛ አብረን ስንዞር እንውል እንደነበር ነገሩኝ።

«ያኔ ቢያንስ ብርጭቆ የሚያጥብልኝ አገኝ ነበር» አሉ።

የአቶ ውባየሁ ስልክ አይነሣም። ኔትወርኩም ሦስት ቀን ሠርቶ ሳምንት ይጠፋል። ጥምቀት አለፈ፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ተጋመሰ። ያን ጊዜ ሌሊት ሌሊት ቀን መቁጠር ጀመርሁ። ኣደይ ኣስካለ አያስሩኝም፤ ፖሊስ ጣቢያም አይወስዱኝም። የሚሆነው ሌላ ነው። ፋሲካ ሲያልፍ ስልካቸውን ይዘው መምጣታቸውን ይተዋሉ፤ ከእንግዲህም ለማንም አይናገሩም።

ወደ ሙዳሲር ሄጄ ከካምፑ ለመውጣት ፈቃድ ጠየቅሁ። የምሄድበትን ምክንያት ጠየቀኝ። ዋስ ስለሆንሁ ነው አልሁት። ትንሽ አየኝና ሌላ ጊዜ ቀናት የሚያስጠብቀውን ወረቀት እዚያው ቆሜ ሳለሁ ማኅተም መትቶ ሰጠኝ። በጭነት መኪና ገዳሪፍ ገባሁ፤ በማግሥቱ በአውቶቡስ ጋላባት ደረስሁ። ጋላባት ላይ የኢትዮጵያ ኔትወርክ ከመተማ በኩል ተሻግሮ ይሠራል። ጀማሉ የሚባል፣ ሱቅ ያለው፣ ያገሬ ሰው ስልኩን ሰጠኝ።

በሌላ ቁጥር፣ በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ደወልሁ። አንዲት ሴት አነሣችና አቶ ውባየሁ ስብሰባ ላይ መሆናቸውን ነገረችኝ። ማን እንደፈለጋቸው ጠየቀች።

«ዋሳቸው ነኝ» አልኋት።

ከዚያ ቁጥሩን ተቀበለችኝ። ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አቶ ውባየሁ ራሳቸው ደወሉ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ኣደይ ኣስካለ ጤና ጠየቁኝ። ቀጥለውም ከዚያ ሥራ ተነሥተው ወደ ሌላ ክፍል ከተዛወሩ ሁለት ወር እንደሆናቸው፣ መዝገቡን ለተተኪያቸው እንዳስረከቡ፣ አሁን ነገሩ በእጃቸው እንዳልሆነ አስረዱኝ። ድምፃቸው ላይ ሐፍረት ነበረበት።

«እሺ» ልል ነበር። ሰው ሲያስረዳኝ እሺ ማለት ይቀናኛል። ጀማሉ ስኳር እየመዘነ በጎን ያየኛል።

«እኔን ዋስ ሲጠሩ በመሥሪያ ቤቱ ስም አልጠሩም» አልሁ። «በራስዎ ስም ነው። ኣደይ ኣስካለ መሥሪያ ቤቱን አያውቁትም። የሚጠብቁት እርስዎን ነው።»

«ስንት ቀን ቀረን?» አሉ።

«ሃያ ሁለት።»

ስልኩ ተዘጋ። ጀማሉ ነገሩን ከእኔ ንግግር ገምቶት ኖሮ፣ ለመንግሥት ዋስ የሆነ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረኝ። ሰውየው ከቀሩ ጋላባት ድረስ መጥቼ መደበቅ እንደምችል፣ ከሱቁ በስተኋላ አንድ አልጋ እንዳለው ጨመረልኝ። ስቄ ወጣሁ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ፣ ራሽን በሚታደልበት ሰዓት፣ አንድ ራክሻ፣ የሱዳን ባጃጅ፣ ከአስፋልቱ በኩል አቧራ እያስነሣ መጣ። የወረዱት ሰው ብቻቸውን ናቸው፤ ነጭ መኪና ስለሌለ ማንም አላወቃቸውም። ፊታቸው አቧራ ለብሷል። በእጃቸው አንድ የፕላስቲክ አቃፊ ይዘዋል። ወደ ጽሕፈት ቤቱ አልሄዱም፤ በቀጥታ ወደ ኣደይ ኣስካለ አግዳሚ መጥተው ተቀመጡ። ሰው ሮጦ ጠራኝ።

አቶ ውባየሁ ያደረጉትን ነገሩን። እኔ ከደወልሁ በኋላ ወደ ተተኪያቸው ሄደው መዝገቡን ጠየቁ፤ ነገ ይመለሱ ተባሉ። በማግሥቱም እንደዚያው። ፈቃድ ወስደው አራት ቀን እንደማንኛውም ባለጉዳይ በሩ ላይ ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን በሩ ተከፈተ። የኣደይ ኣስካለ ቃል ከነማሰሪያው አልተነካም ነበር። ቃሉ ላይ በወሬ ብቻ የተጠቀሰውን፣ በጦርነቱ ጊዜ እስር ቤት የሆነ የእህል መጋዘን ተከታትለው፣ የታሳሪዎቹን መዝገብ አገኙ።

አቃፊውን ከፍተው የመዝገቡን ግልባጭ አወጡ። አርባ አንድ ስም አለበት። ኣደይ ኣስካለ እንዳነብላቸው ወደ እኔ ገፉት። ሃያ ሰባተኛው መስመር ላይ የሓፍቶም ስም አለ። ከፊቱ የገቡበት ቀን፣ ቀጥሎ ከዘጠኝ ቀን በኋላ የወጡበት ቀን፣ ከዚያም የተረከባቸው ሰው ሙሉ ስምና ፊርማ። ሁለት ጊዜ አነበብሁላቸው።

«ዘጠኝ ቀን» አሉ ኣደይ ኣስካለ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገዋል። «ፈራሚው አለ?»

«አለ፤ በሥራ ላይ ነው» አሉ አቶ ውባየሁ። «ፍርድ ቤት ጠርቶታል። ሰኔ አምስት፣ መተማ ላይ ይቀርባል። እርስዎም በምስክርነት ተጠርተዋል።»

«ለማን አስረከብሃቸው ተብሎ ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል።»

ኣደይ ኣስካለ ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አነሡ። አላለቀሱም። አቶ ውባየሁ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ እንደ ወጉ፣ መልስ ይዘው መምጣታቸውን ተናግረው ዋሳቸው እንዲወርድላቸው ጠየቁ።

«እንዳለው፣ ወደይ፣ ልጄ፣ ወርደሃል» አሉኝ ኣደይ ኣስካለ።

ይህን ቀን አምስት ወር ስመኘው ኖሬያለሁ። ወረቀቱን ግን አልለቀቅሁም። ከሰልፉ ውስጥ ትዕበ የምትባል ሴት ባዶ ጆንያዋን እንደያዘች ወጥታ፣ ሌሎቹ አርባዎቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቀች። ቀስ ብላ ነው የጠየቀችው፤ ነገር ግን ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ሰሙ። ሰልፉ ተጠመዘዘ።

አቶ ውባየሁ ወደ እኔ አዩ። እሳቸው አቃፊው ላይ ባዶ ወረቀት አስተካክለው እስክሪብቶ አወጡ። እኔ አግዳሚው ላይ ቆምሁና ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ስሞቹን ማንበብ ጀመርሁ። እያንዳንዱን ስም አንብቤ፣ የእኔ ነው የሚል ካለ ብዬ፣ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ። ራሽን የሚያድሉት ሰዎች መስፈሪያቸውን አስቀመጡ።

ዘጠነኛውን ስም ስጠራ ከሰልፉ መሐል አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ።

«የኔ ልጅ ነው» አሉ።

ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ኣደይ ኣስካለ ከአግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧቸው። ሽማግሌው ተቀምጠው ቃላቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅሁና ዐሥረኛውን ስም አነበብሁ።