የፊተኛው ኮርቻ

የኋላው ጎማ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ የሎሬይን ጥርሶች ተጋጩ።

«ጉድጓድ!» አለ ባሏ ክላይቭ ከፊት፣ ካለፉት በኋላ።

«ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ።»

«ጥላው ነው። እነዚህ ዛፎች መንገዱን ዥጉርጉር አድርገውታል።»

ዳገቱ ለሎሬይን የመልስ ትንፋሽ አላስተረፈላትም። ብስክሌታቸው ባለ ሁለት ኮርቻ ነው። ከፊት የሚቀመጠው መሪውን፣ ፍሬኑንና ማርሹን ይይዛል። ከኋላ ያለው ፔዳሉን ይረግጣል፣ የፊተኛውንም ያምናል። ሎሬይን በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ የእንግሊዟን የሽሮፕሻየር ኮረብቶች በዚህ ብስክሌት ስትዞር ከፊቷ የምታየው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የክላይቭን ጀርባ። ስለዚህም ከፊት ያለው የሚያየውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ጉድጓድ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጠምዛዛ። ክላይቭ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የወተት ቦቴ ሾፌር ነበርና ይህን ሕግ እንደ ጸሎት ያከብረው ነበር።

ዛሬ ግን ከቁርስ ወዲህ ይህ ሦስተኛው ጉድጓድ ነው።

የዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ከአንድ የእንጨት በር አጠገብ፣ «እይታውን ብናይስ?» አለ ክላይቭ። እዚያ አገር ደክሞኛል የሚል ሰው የለም፤ እይታውን ልይ ነው የሚለው። ሎሬይን ወረደችና ብስክሌቱን በሩ ላይ አስደገፉት። ከበሩ ወዲያ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ የቁጥቋጦ አጥር የሸነሸናቸው ኮረብቶች እስከ ዌልስ ድረስ ተደራርበዋል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ለሻይ ውሃ ልትጥድ ስትገባ ክላይቭን ኩሽና ውስጥ ብቻውን ቆሞ አግኝታው ነበር። አንድ ዐይኑን በመዳፉ ሸፍኖ የበሩን መቃን ትኩር ብሎ ያያል። እጁን ቀየረና በሌላኛው ዐይኑ ደግሞ አየው። ስትገባ ሲሰማ «መቃኑ የተጣመመ ይመስላል» አለ። መቃኑ አልተጣመመም። በቤታቸው ነገር አይጠየቅም፤ እስኪነገር ይጠበቃል እንጂ።

አሁን በሩን ተደግፋ ወደ ሜዳው ተመለከተች። በየዓመቱ እዚህ የሚግጥ ያረጀ ነጭ ፈረስ ነበር። ዘንድሮ ሜዳው ባዶ ነው፤ ሣሩም ሳይነካ አድጓል።

«ነጩ ፈረስ ዛሬም አለ» አለች።

አፏ ለምን እንዲህ እንዳለ ለራሷም አልገባትም። ክላይቭ ወደ ሜዳው ዞረ።

«አለ እንጂ» አለ። «ወፍሯል።»

ሎሬይን የውሃ ጠርሙሷን አነሳችና ጠጣች። የሰው ኪስ ስትበረብር የተያዘች ያህል ፊቷ ጋለ፤ የያዛት ግን ማንም አልነበረም።

ከዳገቱ ጫፍ ያለችው የፓም ሻይ ቤት አራት ጠረጴዛ ብቻ ነው ያላት። ፓም ከውጭ ሳሉ ነበር ያየቻቸው።

«መጡልኝ! ክላይቭ፣ ይቺ ሴትዮ ዘንድሮስ ረግጣለች ወይስ እንደ ልማዷ እግሯን ሰቅላ ነው የመጣችው?»

«እግሯን ሰቅላ ነው። ጋዜጣም አንብባለች።»

«እኔ ባልገፋህ እስካሁን እታች መንደሩ ውስጥ ነበርክ» አለች ሎሬይን።

«እስቲ አንድ ቀን እንኳ ከፊት አስቀምጣት።»

«አስቀምጬአት ነበር» አለ ክላይቭ። «አጥሩን ጠይቂው!»

ፓም ከአሁኑ መሳቅ ጀመረች። ብስክሌቱን የገዙ ዕለት ሎሬይን ልሞክረው ብላ ከፊት ተቀመጠች፤ የጎዳናው ጫፍ ሳይደርሱም ሁለቱንም ይዛ እሾሃማ አጥር ውስጥ ገባች። ክላይቭ ታሪኩን በየሻይ ቤቱና በየመጠጥ ቤቱ ሲያወራ ኖሯል፤ በተረከው ቁጥር አጥሩ ይወፍራል፣ እሾሁም ይረዝማል። ሎሬይን ሁልጊዜ ከሳቂዎቹ ጋር ትስቃለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን መሪውን ነክታ አታውቅም።

«ምን ላምጣላችሁ?»

«እንደ ልማዴ፣ የካሮት ኬክ» አለ ክላይቭ።

«የካሮት የለም። ሰሌዳው ላይ ተጽፏል እኮ፣ አፍንጫህ ሥር!»

ክላይቭ ቀና አለ። በጠመኔ የተጻፉት ፊደሎች መዳፍ ያህላሉ።

«አንቺ ያማረሽን አምጪልኝ» አለ።

«አንተ? ቅቤው ከየት እንደመጣ ሳትጠይቅ ዳቦ የማትቀምሰው ሰውዬ?»

«የሎሚ፣ የዝንጅብል፣ የፖም» ብላ ሎሬይን ሰሌዳውን አነበበች፤ ለራሷ የምትመርጥ ይመስል ቀስ ብላ። «ለእኔ የሎሚውን።»

«ለእኔም የሎሚውን» አለ ክላይቭ ፈጠን ብሎ።

ፓም ሻዩን ስታቀርብ በየት በኩል እንደሚወርዱ ጠየቀች። «በጅረቱ መንገድ» አላት ክላይቭ።

«ተው፣ ተው። ጎርፉ ጠምዛዛው ጋ ግማሹን አስፋልት በልቶታል። ባለፈው እሁድ አንድ ጎረምሳ ከነብስክሌቱ ገብቶበት ትከሻው ተሰብሯል። በዋናው መንገድ ዙሩ።»

«እንኳን ብስክሌት፣ ሙሉ ቦቴ በበረዶ አውርጄበታለሁ» አለ ክላይቭ። «መንገዱ ያውቀኛል።»

ሎሬይን ኬኳን ግማሹን ትታ ሂሳብ ከፈለች።

ቁልቁለቱ ከሻይ ቤቷ ጥቂት እልፍ ብሎ ይጀምራል። በሁለት ከፍ ያሉ አጥሮች መካከል የተጨመቀ ጠባብ መንገድ ነው፤ እንደ ጉድ ተዘቅዝቆ ይወርድና ወደ ግራ ታጥፎ ይሰወራል። ክላይቭ የፊተኛው ኮርቻ ላይ ወጥቶ አንድ እግሩን መሬት ተከለ።

«ዝግጁ?» አለ።

ሁልጊዜ «ዝግጁ» ትለዋለች፤ እሱም ይገፋል። ዛሬ ግን የኋላውን ኮርቻ ይዛ ቆመች። ጉልበቴን አሞኛል ማለት ትችላለች። ያን ካለች ክላይቭ ጥቂት አጉረምርሞ አብሯት በእግሩ ይወርዳል፣ የማንም ክብር አይነካም። ነገ ግን ሌላ ቁልቁለት አለ። ሐሙስ ደግሞ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ዓርብ የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት በመኪና የሚያመጣው ክላይቭ ነው።

«ፈረሱ አልነበረም፣ ክላይቭ» አለች።

«የቱ ፈረስ?»

«ነጩ። ሜዳው ባዶ ነበር። ልፈትንህ ብዬ ነው።»

ከአጥሩ ወዲያ አንዲት በግ ጮኸች፤ ግልገሏ መለሰላት። ክላይቭ መሪውን እንደያዘ ነው።

«አንቺ አለ ካልሽ አለ ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ።

ቁጣ ጠብቃ ነበር። ለቁጣው ያዘጋጀችውን መልስ ተወችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከገና በፊት።»

«ለገና እኅትህ ቤት በመኪና ወስደኸናል እኮ!»

«ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት።»

«እኔ ደግሞ በስተርጅና አደብ ገዛ ብዬ ደስ ብሎኝ!»

ክላይቭ ወረደና ወደ እሷ ዞረ። አንገቱን እንደ ዶሮ ዘንበል አድርጎ በዳር ዐይኑ አያት። ሰሞኑን ሲያወራ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ አሁን ገባት።

«መሃሉ ነው የሚጠፋኝ» አለ። «ዳር ዳሩን ደህና አያለሁ። ቀጥ ያለው ነገር ይጣመምብኛል። አሁን አንቺ ጋ ጆሮና ኮፍያ አለ፤ መሃሉ የለም።»

«መሃሉ ቢጠፋብህ ብዙ አልተጎዳህም።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ሐኪም አይቶሃል?»

«ብሄድ መንጃ ፈቃዴን ይቀሙኛል።»

«ይቀሙህ።»

«ከዚያስ? መንጃ ፈቃድ የሌለው ሾፌር ምንድን ነው?»

ሎሬይን መንገዱን አየች፤ ቀጥሎ እጇን ዘረጋች።

«መፍቻውን ስጠኝ።»

«ለምንሽ?»

«ኮርቻህ ለእኔ ከፍ ይልብኛል።»

ከሩቅ የትራክተር ድምፅ ተሰምቶ ጠፋ።

«አጥሩስ?» አለ ክላይቭ።

«አጥሩ እዚያው ነው፤ ሄዶ አይገጨንም። የፈረሰውን በእግራችን እናልፈዋለን። ከዚያ በታች እኔ እነዳለሁ። ዓርብም ልጁን በአውቶቡስ አመጣዋለሁ፤ አውቶቡስ ይወዳል።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። እሱንም በአውቶቡስ።»

ብስክሌቱን ከግራና ከቀኝ ይዘው ወረዱ። ጠምዛዛው ጋ ሲደርሱ አስፋልቱ ከግማሽ በላይ ተገምሶ ጎማ የሚውጥ ገደል ሆኗል። ክላይቭ የጫማውን ጫፍ አስቀድሞ ጠርዙን ዳሰሰ፤ አንድ ድንጋይ ተንከባለለች። ቆሞ ድምፅዋ እስኪጠፋ አዳመጠ።

ከጠምዛዛው በታች መንገዱ ደህና ነው፤ ቁልቁለቱም ገር ይላል። ክላይቭ መፍቻውን ራሱ ከቦርሳው አወጣ። ወደ እጁ እንኳ ሳያይ በዳሰሳ የፊተኛውን ኮርቻ ዝቅ፣ የኋላውን ከፍ አደረገ። አጥብቆ ሲጨርስ የፊተኛውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«በይ» አለ።

ሎሬይን ወጣች። ከፊቷ ጀርባ የለም። መንገዱ ሁሉ፣ እርጥቡ አስፋልት፣ ሁለቱ አጥሮች፣ ከታች የሚያብለጨልጨው ጅረት፣ በአንድ ጊዜ ዐይኗ ውስጥ ገባ። መንገዱ ይህን ያህል ጠባብ መሆኑን አታውቅም ነበር። ክላይቭ ከኋላ ሲወጣ ብስክሌቱ ተወዛወዘ።

«ምን ልበል?» አለች።

«የምታዪውን ሁሉ። ይኼንንስ ያውቀዋል የምትይውንም ቢሆን።»

«ዝግጁ?»

«ዝግጁ።»

«ፍሬን!» ብላ ጮኸች።

«ገና አልተነሳንም እኮ፣ ውዴ።»

«አውቃለሁ። ልለማመድ ብዬ ነው።»

ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከፍሬኑ ላይ አላቀቀች።