ልጄ ታማለች

በሚዛን አርባ ቀን ሮሃ እንዲህ ትናገራለች ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ከሁሉ ያልጠበቀው ደግሞ አባቷ መልአኩ ነው። መልአኩ ሰው የማያስቀይም ሰው ነው። ናይሮቢ ኪሊማኒ ሰፈር ባለችው ምግብ ቤቱ ደንበኛ «ጨው በዝቶበታል» ካለ፣ ባይበዛበትም «እውነትህን ነው» ብሎ ሌላ ያስመጣል። እንዲህ ካለ አባት እንዲያ ያለች ልጅ እንዴት እንደወጣች እሱም አልገባውም።

ሚዛን የምግብ ቤቱ ወጥ ሠሪ ነበረች። ከሮሃ ጋር አንድ ክፍል እየተኙ እንደ እህትማማች ነው የኖሩት። የስኳር ሕመም ስለነበረባት መርፌዋን በየዕለቱ ራሷ ትወጋለች። በፍልሰታ ሱባዔ ገባች። እዚያም «ጸበል እየጠጡ መርፌ መውጋት እምነት ማጉደል ነው» አሏት። ይህን ማን እንዳላት ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ቀሲስ ተክሉ ራሳቸው «መድኃኒትም የእግዚአብሔር ነው» ብለው ሰብከው ያውቃሉ፤ ግን እኛ ለቄስ ስብከት እንቅልፋችንን፣ ለጎረቤት ምክር ጆሯችንን የምንሰጥ ሰዎች ነን። ሚዛን መርፌዋን ተወች። ሱባዔው ሳያልቅ ሞተች።

አርባዋ በመልአኩ ምግብ ቤት ተደገሰ። ሰው በልቶ ሲጠግብ የጽዋ ማኅበሩ ሊቀመንበር ባንታየሁ ተነሣና «እንግዲህ እህቷ ሆና የኖረችው ሮሃ ሁለት ቃል ትበልልን» አለ። ለማስለቀስ አስቦ ነበር። ሮሃ ግን አላለቀሰችም።

«ሚዛን ቤስት ፍሬንዴ ነበረች» አለች። «ሁላችሁም ጊዜዋ ደርሶ ነው ትላላችሁ። አልደረሰም። ኢንሱሊኗን ስላስተዋችኋት ነው የሞተችው። ሶሪ፣ ግን እውነቱ እሱ ነው። እኔ ጸበል ስኳር ያድናል ብዬ አላምንም። የሚያምን ይመን፣ ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም። ግን ሰው መርፌ ተዪ አይባልም። እናንተን አምና ነው የሞተችው።»

እናቷ ከሞተች ወዲህ ሮሃን ያሳደጓት እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ። ሚዛንን «ተዪው» ካሉት አንዷ እሳቸው ነበሩ፤ ያሏትም ከፍቅር ነው። መልአኩ የልጁን ክንድ ይዞ ወደ ጓዳ አስገባት።

በማግስቱ የናይሮቢ ሐበሻ ሁሉ ባለበት ቴሌግራም ላይ ቪዲዮው ወጣ። ፊቱም ኋላውም ተቆርጦ «ጸበል ስኳር ያድናል ብዬ አላምንም» የምትለዋ ብቻ ቀርታለች። ስድቡ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ። መናፍቅ አሏት፣ የፈረንጅ ትምህርት ያሰከራት አሏት፤ የማያውቋት ሰዎች እናቷን ከመቃብር እየጠሩ ሰደቡ። መልአኩ ይህን ሁሉ ችሎ አነበበ። አንዱ ግን ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ የምትወርድበትን ቦታ ጽፎ «እዚያ እንጠብቃታለን» ብሏል። እሱን ሲያይ ተነሥቶ ወደ ሮሃ ክፍል ሄደ።

«ይቅርታ በያቸው፣ የኔ እናት» ብሎ ለመናት።

«ምን ብዬ አባዬ? ሚዛን አልሞተችም ልበል?»

«ስለ አነጋገሬ ይቅርታ በያቸው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ሁሉም ዝም ስላለ አይደል እንዴ የሞተችው?» አለችና በሯን ዘጋች። መልአኩ እውነቷን እንደሆነ ያውቃል፤ ማወቁ ግን የማታቱው ፌርማታ ላይ አብሯት አይቆምላትም።

ባንታየሁ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ደንበኛ ስለቀረ ምግብ ቤቱ ባዶ ነበርና የፈለጉት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ለጠብ አልመጡም፤ ባንታየሁ ለሃያ ዓመት የመልአኩ ወዳጅ ነው፣ ሮሃም ክርስትና ስትነሣ አብሮ በልቷል።

«ልጅቷን እንወዳታለን» አለ ባንታየሁ። «ግን ጎረምሶቹን መያዝ አቃተን። እባክህ፣ የምንላቸውን ነገር ስጠን።»

መልአኩ የሦስቱንም ፊት በየተራ አየ፤ ሁሉም ይለምኑታል። ሰው ሲለምነው ደግሞ እንቢ ማለት አያውቅም።

«ታማለች» አለ። «ሚዛን ከሞተች ወዲህ አትተኛም፣ አትበላም። ያን ቀን የተናገረችው እሷ አይደለችም።»

አለመተኛቷም አለመብላቷም እውነት ነው። ውሸቱ መጨረሻ ላይ የጨመራት ትንሿ ነገር ብቻ ነበረች። ባንታየሁ ግን ከደረቱ ትልቅ ትንፋሽ አወጣና ዓይኑ እንባ ሞላ። «እኮ! እኛስ ምን አልን? የመልአኩ ልጅ በደህና ልቧ እንዲህ አትልም!» ብሎ ተነሥቶ አቀፈው።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። መልአኩ ግን ልጁ ከምትጠፋ የተናገረችው ይጥፋ አለ። አባት ነው፤ ማን ይፈርድበታል? ያን ቀን እኔም ብሆን እንደሱ ነበር የምለው።

እንዳሰበውም ሆነ። ስድቡ ቆመ። «እናንተ ልጆች፣ ታማ ነው፤ ጸልዩላት» የሚል መልእክት ባንታየሁ አስተላለፈ፤ ያ ፌርማታ ላይ እንጠብቃታለን ያለው ጎረምሳ ሳይቀር «እግዚአብሔር ይማራት» ብሎ ጻፈ። ደንበኞችም ተመለሱ፤ ሲወጡ የመልአኩን ትከሻ እየዳሰሱ «አይዞህ» ይሉታል። ለጊዜው ደስ አለው። ለሮሃ ያለውን አልነገራትም፤ የስድቡን መቆም «ሰው አስተዋይ ነው፣ ይረሳል» ብሎ አለፈው።

ከዚያ በኋላ ነው ፍቅሩ የመጣው። ከስድቡ የከፋው እሱ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ብዙነሽ አራት ሴቶች አስከትለው፣ ከአገር ቤት የመጣ ጸበል በጄሪካን ይዘው ቤት ገቡ። ሮሃ ከክፍሏ ስትወጣ ሴቶቹ ከበቧት። ምን እንደሆነ ጠየቀች። ነገሯት። ወደ አባቷ ዞረች።

«ታማለች ብለሃል?»

«እንዲተዉሽ ብዬ ነው» አለ መልአኩ።

«እትዬ፣ እኔ አልታመምኩም። አዝኛለሁ እንጂ አልታመምኩም። ያልኩትን አስቤ ነው ያልኩት።»

እትዬ ብዙነሽ መቁጠሪያቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ። «አንተ!» አሉ። «ማነህ? ልጄን ከየት ያዝካት? ስምህን ተናገር!» እንደ ደንቡ ነው፤ የሚያናግሩት እሷን ሳይሆን ውስጧ ገብቷል የተባለውን ነው። ሮሃ ሌላ ሰው የመጣ መስሏት ወደ ኋላዋ ዞር አለች።

«እኔ ነኝ እኮ! ሮሃ ነኝ!»

«ዋሽተሃል! አንተ ነህ የምትለፈልፈው፣ እሷማ የኔ ልጅ ናት!» አሉ እትዬ ብዙነሽ። እንባቸው እየወረደ ነበር። ከልባቸው ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ መቆጣት ይቻል ነበር።

ሮሃ ቀስ ብላ ስታስረዳ ተንኮለኛ መንፈስ ነው ይላሉ። ስትቆጣ ተቃጠለ ይላሉ። መሣቅ ዳዳት፤ «ያፌዛል!» አሉ። በመጨረሻ «አባዬ፣ ንገራቸው» አለችው። መልአኩም፣ ሰው የማያስቀይመው መልአኩ፣ «ትንሽ ብቻ ጠጪላቸውና ይሂዱ፣ የኔ እናት» አላት።

አባቷን ትኩር ብላ አየችው፤ ኩባያውን ተቀብላ እስከ ታች ጠጣች። ሴቶቹ እልል አሉ። በማግስቱ ልብሶቿን በሻንጣ ይዛ ካሳራኒ የሚባል ሰፈር ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ከዛራ ጋር ገባች።

መልአኩ ጨነቀው። ጤፍ የሚያመጣለትን የኢስትሌ ሰፈሩን ሙስሊም ነጋዴ ኢስሀቅን አማከረ። ኢስሀቅ ረጋ ብሎ ሰማውና «በእኛም ሰፈር ቢሆን ጂን ነው ይሏት ነበር፣ አይዞህ» አለው። ማጽናናቱ መሆኑ ነው። «ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ወንድሜ። እንዴት ትመልሰዋለህ?»

መልአኩ ማታቱ ይዞ ካሳራኒ ሄደ። ሮሃ ከሕንፃው በር ላይ ቆማ አነጋገረችው፤ ግባ አላለችውም። ከስታለች። አሁንማ በእውነት የታመመች ትመስላለች።

«ሲሰድቡኝ ቢያንስ ይሰሙኝ ነበር» አለችው። «ይጣሉኝ ነበር፣ እኔም እመልስላቸው ነበር። ናው፣ ሃሎ ስል እንኳ ‹እግዜር ይማርሽ› ነው። ነገ ሌላ ሰው መድኃኒቱን ቢተውና ብናገር ማን ይሰማኛል? ያቺ የታመመችው ናት ይሉኛል። እኔን ብቻ አይደለም፣ ሚዛንንም ነው ያጠፋኻት።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«ሁሉም ባሉበት ተነሥተህ እውነቱን ንገራቸው። ጤነኛ ናት፣ ያለችውን አምናበት ነው በል። ተስማማ አላልኩህም፤ ብቻ የሷ ሐሳብ ነው በል። ያን ቀን ቤቴ እገባለሁ። ካልሆነ ግን ባስ፣ በቃ፣ አልመጣም።»

«እላለሁ» አለ መልአኩ። በዕድሜው ለማንም እንዲህ ቆርጦ ቃል ሰጥቶ አያውቅም።

የወሩ የሚካኤል ጽዋ ፓርክላንድስ ባለው በባንታየሁ ቤት ነበር። ሮሃም መጣች፤ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ሴቶቹ ሲያዩዋት «እሰይ፣ በእግሯ መጣች» ተባባሉ። ጸሎቱ አልቆ ጽዋው ለተረኛው ከመተላለፉ በፊት መልአኩ ተነሣ።

«ዋሽቻለሁ» አለ። «ልጄ አልታመመችም። ታማለች ያልኩት እንዳይነኩብኝ ፈርቼ ነው። በሚዛን አርባ የተናገረችው ልቧ ያመነበትን ነው። ብትጠሏትም ጥሏት፤ ግን የተናገረችው እሷ ራሷ ናት።» ትንሽ አሰበና ሊል ያላሰበውን ጨመረ። «ደግሞም እውነቷን ነው። ሚዛንን መርፌ ያስተውናት እኛ ነን። እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ።»

መልአኩ የሚሰድበው ሰው ይጠብቅ ነበር። ያን ጊዜ ስድብ ቢመጣ ስሞ ይቀበለው ነበር።

ባንታየሁ ከወንበሩ ተነሥቶ በእርጋታ ወደሱ መጣ። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ ሳይሆን ሐዘን ነው። «መልአኩን የማናውቀው አለን?» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «ሰው አስቀይሞ የማያውቅ ሰው! ይህ የመልአኩ አፍ ነው?»

«ወደሱም ተሻገረ» አለች አንዷ።

«አልተሻገረም! ምንም የተሻገረ ነገር የለም!» አለ መልአኩ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ» እያለ ባንታየሁ ትከሻውን ያዘው። ሌሎቹም መጡ። ቀሲስ ተክሉን «አባታችን፣ መስቀልዎን!» አሏቸው። ቀሲስ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ዙሪያቸውን አዩ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይን እሳቸው ላይ ነው። አፋቸውን ዘግተው መስቀላቸውን አወጡ።

መልአኩ በዕድሜው ጮኾ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጮኸ። «ልቀቁኝ! ጤነኛ ነኝ! እኔ ነኝ የምናገረው!» በጮኸ ቁጥር ጸሎቱ እየበረታ ሄደ። እጆቹን የያዙት ሁሉ የሚወዱት ሰዎች ናቸው፤ አንዱም ክፉ አላሰበለትም። «ማነህ?» ይሉታል፤ ስሙን ሲነግራቸው «ዋሽተሃል» ይሉታል። ልጁ ያን እሑድ በቤታቸው ሳሎን ቆማ ያየችውን አሁን እሱ አየው። ምን ቢል ይሰሙታል? ምንም። ጉልበቱ አለቀና ዝም አለ።

ዝም ሲል እልልታው ቤቱን አናጋው። «ለቀቀው! ለቀቀው!» ተባለ። ባንታየሁ እያለቀሰ ግንባሩን ሳመው። «እግዚአብሔር ይማርህ፣ ወንድሜ» አለው።

«አሜን» አለ መልአኩ።

ምሕረት ሲመኙለት አሜን ማለት ከሕፃንነቱ የለመደው ነው፤ ካፉ እስኪወጣ ድረስ አላወቀውም። ሰዎቹ ዘወር ሲሉለት ሮሃን አያት። አሜኑን ሰምታለች። ዓይኗ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ልትቆጣው ቢሆን ኖሮ ሊለምናት ይችል ነበር። ሻርፗን አስተካክላ ወደ በሩ ዞረች።

እትዬ ብዙነሽ ሮጠው ደርሰው አቀፏት። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አታልቅሺ» አሏት። «አባትሽም ይድናል።»